ከቆሻሻው ጄሪካን የጨመርኩት

እትዬ ዘነበች መሞታቸውን ያወቅኩት ኮሌጁ በር ላይ ከተለጠፈ ወረቀት ነው። ማክሰኞ ጠዋት ተረኛ ነበርኩ። በሩን ልከፍት ስጠጋ ፎቶግራፋቸው በጥቁር መስመር ተከቦ ብረቱ ላይ ተለጥፏል፤ ማጣበቂያው ገና አልደረቀም። ቆሜ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ያለቀስኩ እንዳይመስላችሁ። ተናደድኩ።

ወረቀቱ «ባደረባቸው ድንገተኛ ሕመም» ይላል። ስምንት ወር ታመው የተኙ ሰው ናቸው፤ ሕመማቸው ድንገተኛ የሚሆነው አንድ ቀን እንኳ ሄዶ ላልጠየቃቸው ሰው ነው። «ታላቋ ተመራማሪያችን» ይላል። በሕይወት ሳሉ ማን ተመራማሪ ብሏቸው ያውቃል? መምህራን ክበብ ውስጥ ስማቸው «ድንጋይ ለቃሚዋ» ነበር፤ እኔ ራሴ ሻይ ልወስድ ስገባ ስንቴ ሰምቻለሁ። ከታች ፊርማ አለ፤ የዲኑ ፊርማ። ያንን ፊርማ ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ የእትዬ ዘነበች ጠርሙሶች ወጥተው ይጣሉ ከሚል ደብዳቤ ሥር።

ስለ እሳቸው በጨዋ አማርኛ የሚጽፍ ሞልቷል። እኔ ማንበብና መጻፍ የተማርኩት በአርባ አራት ዓመቴ ነው። ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ጨዋ አማርኛ ግን አላስተማሩኝም።

እትዬ ዘነበች የሐረር ልጅ ናቸው። ከግንቡ ውጭ፣ ሸዋ በር አካባቢ ተወልደው፣ እዚያው አድገው፣ እዚያው ኬሚስትሪ ሲያስተምሩ ያረጁ። ቤታቸው አማርኛ፣ ገበያ ኦሮምኛ፣ ግንቡ ውስጥ፣ ጁገል፣ ከሴቶቹ ጋር ሐረሪኛ ይናገራሉ። አጭር ናቸው፤ ቀጭን። ነጭ ካፖርታቸው አሲድ የበሳው ቀዳዳ ሞልቶበታል፤ ቀዳዳውን በየጊዜው በተለያየ ክር ይጥፉታል። አዲስ ካፖርት ሲሰጣቸው ለግቢው ጽዳት ሠራተኛ ሰጧት፤ «እኔ ያው እበሳዋለሁ» ብለው።

አባታቸው የመኪና ባትሪ ጠጋኝ ነበሩ። የድሮ ባትሪ ሰብረው፣ እርሳሱን አቅልጠው፣ መልሰው ይሠራሉ። ቤቱና ሱቁ አንድ ስለነበረ ጭሱን ሁሉም ይተነፍሰዋል። አባትየው በመጨረሻ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ስኒ መያዝ አቃታቸው፤ የሚያጠጧቸው ልጃቸው ነበሩ። እትዬ ዘነበች ይሄን የነገሩኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ስሜት ሳያሳዩ፣ ሽቦ እየላጡ። «አባቴን የገደለው ባትሪ ነው። ስለዚህ ሰው የማይገድል ባትሪ እሠራለሁ» አሉ። ከዚያ «ያንን መቆንጠጫ አቀብለኝ» አሉኝ።

የሚሠሩት ባትሪ እንዲህ ነው። ለእጅ ባትሪና ለሬዲዮ የምንገዛው ድንጋይ አለ አይደል? ሲሞት የምንጥለው። ቆዳው ዚንክ ነው። ውስጡ ጥቁር ዱቄት አለ። እሳቸው የሞተውን ድንጋይ ያስለቅሙና ይፈለቅቁታል፤ ዚንኩን በአንድ በኩል፣ ጥቁሩን አጥበው በሌላ በኩል፣ መሀሉ ላይ የዚንክ ጨው የገባበት ውሃ። ይሄው ነው። አይቃጠልም፣ አይፈነዳም፣ እርሳስ የለበትም። ሱቅ የሚሸጠው ድንጋይ አንዴ ሞቶ ይቀራል፤ የእሳቸው ግን በፀሐይ ይሞላል፣ አምፖል ያበራል፣ በማግስቱ እንደገና ይሞላል። የሚሠሩት በማርማላታ ጠርሙስ ነው። ሦስት ጠርሙስ ተያይዞ አንድ ትንሽ አምፖል ያበራል።

ታዲያ ችግሩ ምን ነበር? አይቆይም። ጥቂት ሳምንት ይሠራል፣ ይደክማል፣ ይሞታል።

«ዚንኩም በተሞላ ቁጥር እንደ እሾህ ጥርስ ያበቅላል» ይሉ ነበር፤ «እሱን ግን እችለዋለሁ። ቤቴን የሚያፈርሰው ጥቁሩ ነው። በተሞላና በተራገፈ ቁጥር ትንሽ ትንሽ እየሟሟ ወደ ውሃው ይገባል። ስኳር ሻይ ውስጥ እንደሚገባው። የገባው ደግሞ ሁሉም ተመልሶ አይመጣም።»

ጠዋት ሲገቡ ቦርሳቸውን ሳያስቀምጡ መጀመሪያ ጠርሙስ ያነሣሉ። ወደ መስኮቱ ብርሃን ይይዙታል፣ ጎን ያዘነብሉታል፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዩታል። ውሃው ከጠራ ዝም። ከደፈረሰ ምላሳቸውን ያንቃጭላሉ። ከዚያ የምላስ ድምፅ ነው ቀናቸው እንዴት እንደሚውል የማውቀው።

አንድ አረንጓዴ ትልቅ መዝገብ ነበራቸው። ሕጉ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ማንኛውም ጠርሙስ ሞቱ ሳይጻፍ አይጣልም። «ሞቱን ጻፍ፤ መቼ፣ በምን፣ ማን እያየ።» ሁለተኛ፣ የሚጽፈው የሠራው ሰው ነው። ተማሪ ከሠራ ተማሪው፣ እሳቸው ከሠሩ እሳቸው። «እኔ ባላየሁት አልፈርምም» ይላሉ። በዚህ ነገር ከመምህራኑ ሁሉ ተጣልተዋል፤ ተማሪ የሠራውን በስማቸው የሚጽፉ ነበሩዋ!

እኔ የቤተ ሙከራቸው ክፍል ዘበኛና ጽዳት ነበርኩ። የሞተ ድንጋይ ለቃሚም አደረጉኝ። ጆንያ ይዤ ጊዲር መጋላ ገበያ ስዞር ነጋዴው ሁሉ ይስቅብኛል። «አቦ ሽብሩ፣ ደሞዝ አልበቃ ብሎህ ድንጋይ መብላት ጀመርክ?» ይለኛል አንዱ። ሌላው የሞተውን ከነጥራጊው ሰብስቦ ይሰጠኛል። ዝም ብዬ እወስዳለሁ።

ስለ ራሴ አንድ ነገር ብቻ ልናገር፤ ያለ እሱ ታሪኩ አይገባችሁም። ማንበብ አልችልም ነበር። ይሄንን ግን ማንም አያውቅም። ለዓመታት ጋዜጣ በብብቴ ይዤ እየገባሁ፣ ወንበሬ ላይ ዘርግቼ ተቀምጬ፣ ፎቶውን አይቼ «እንዲህ ነው እንጂ!» እያልኩ ኖሬያለሁ። ደሞዝ ላይ እንደነገሩ ጫር አድርጌ እፈርማለሁ። ሰው «ሽብሩ የተማረ ዘበኛ ነው» ይል ነበር። ይሄ ከምንም በላይ ደስ ይለኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

አንድ ጊዜ የእትዬ ዘነበች እህት አዲስ አበባ አረፉና ለለቅሶ ሄዱ። መስኮቱ ሥር አሥራ ሁለት ጠርሙስ በሁለት ረድፍ ተደርድሯል። ስድስቱ በሩ በኩል፣ ስድስቱ ቧንቧው በኩል። «ውሃው ይተናል» አሉኝ። «ከምልክቱ በታች ሲወርድ ሙላው። ሁለት ጄሪካን አለ፤ ላዩ ላይ ጽፌበታለሁ፤ አንብበህ ከንጹሑ።»

«እሺ» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ሐረር ውስጥ ቢጫ ጄሪካን የሌለው ቤት የለም፤ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ለእኔ ጄሪካን ውስጥ ያለ ውሃ ውሃ ነው። ሁለቱም ቢጫ፣ ሁለቱም የጠራ፣ ሁለቱም ላይ ወረቀት። አንዱ በሩ ጋ ነው፣ አንዱ ቧንቧው ጋ። በሩ በኩል ላሉት በሩ ጋ ካለው፣ ቧንቧው በኩል ላሉት ቧንቧው ጋ ካለው ሞላሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ እንደዚያ።

ተመለሱ። ጥቂት ቆይቶ ቧንቧው በኩል ያሉት አንድ በአንድ መሞት ጀመሩ። ውሃቸው ደፈረሰ፣ ታቹ ላይ ቡናማ አተላ ዘቀጠ። ይሄ የተለመደ ነው። በሩ በኩል ያሉት ስድስቱ ግን አልሞቱም። ውሃቸው እንደጠራ ቀረ። ሳምንት አለፈ፤ ወር አለፈ። አልሞቱም።

እትዬ ዘነበች እንደዚያ ሲሆኑ አይቻቸው አላውቅም። ምግብ ረሱ። ፀሐዩ ይሆን ብለው ረድፉን አቀያየሩ። ሽቦውን ለወጡ። ዚንኩን መዘኑ። «ሽብሩ፣ እኔ በሌለሁበት ምን አደረግክ?» አሉኝ።

«ያዘዙኝን።»

«ከየትኛው ሞላህ?»

«ከንጹሑ ነዋ!»

ያኔ በእርግጥ አላውቅም ነበር። በሦስተኛው ቀን ግን አወቅኩ። በሩ ጋ ያለውን ጄሪካን ልገፋው ስል ጮኹብኝ፤ «እሱን እንዳትነካ! የጥቁሩ እጣቢ ነው፤ አሲድ አለበት፤ ቆሻሻ ነው፣ ተጽፎበት የለም እንዴ?» አሉ። በሩ በኩል ያሉትን የሞላሁት ከዚያ ነበር። ዝም አልኩ። ሦስት ወር ዝም አልኩ። ሦስት ወር ሙሉ እኒያ ሴትዮ ከጠዋት እስከ ማታ ምክንያቱን ሲፈልጉ፣ እኔ ምክንያቱን በሆዴ ይዤ፣ ጋዜጣ ዘርግቼ ተቀምጬ አየኋቸው። በሌላው ሰው ከመናደዴ በፊት በዚህ ነው መናደድ ያለብኝ፤ እናደዳለሁም።

የያዙኝ አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን እያሹ፣ «እስቲ ያንን ጋዜጣህን አንብብልኝ፤ ዓይኔ ዝሏል» አሉ።

«መነጽሬን ረሳሁት።»

«መነጽር አለህ እንዴ?»

«ቤት ነው።»

«ሽብሩ፣ ያ ጋዜጣ ባለፈው ወርም እጅህ ላይ ነበር። ያው ሰውዬ፣ ያው ሪባን ሲቆርጥ።»

ጋዜጣውን አጠፍኩ። ተነሥተው ሄዱና ከሁለቱም ጄሪካኖች ላይ ወረቀቱን ልጠው አምጥተው ፊቴ አስቀመጡት። «የቱ ነው ንጹሕ?»

አንዱን ነካሁ። መገመቴ ነው። አልተሳካልኝም።

ሁለት እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ አደረጉ። «ሦስት ወር! አንተ ሰውዬ፣ ሦስት ወር በላኸኝ! በዚህ ዕድሜዬ! ሦስት ወር ሽቦ ስለውጥ!» ካፖርታቸውን አውልቀው ወረወሩት። እኔም ተነሣሁ፤ አባረሩኝ ብዬ። በሩን ሳልደርስ ሳቃቸው ከኋላዬ ተሰማ። ዞሬ ሳይ የጠረጴዛውን ጫፍ ይዘው እንባቸው እስኪመጣ ይስቃሉ።

«እጣቢውን! እጣቢውን መልሶ አጠጣልኝ! ጥቁሩ እኮ ነው የተሟሟው እዚያ ውስጥ! ውሃው አስቀድሞ ከጠገበ ከጥቁሩ ላይ ምን ሊበላ ነው? አቦ ሽብሩ፣ ና ተቀመጥ!»

ተቀመጥኩ። መዝገቡን ገለጡና ባዶ ገጽ ላይ ጣታቸውን አደረጉ። «እዚህ ጋ ያደረግከውን ትጽፋለህ።»

«መጻፍ አልችልም እኮ» አልኩ።

«ትችላለህ። እስክትችል ገጹ ባዶ ይቆያል። እኔ ያላየሁትን አልጽፍም።»

ቆየ። አምስት ወር ገደማ ባዶ ቆየ። እኔ የአርባ አራት ዓመት ሰው፣ ከሥራ ሰዓት በኋላ፣ ጠርሙሶቹ አጠገብ፣ ሀሁ። ሌላ ሰው መጀመሪያ ስሙን መጻፍ ይማራል። እኔን ያስተማሩኝ የመጀመሪያ ቃል «ቆሻሻ» ነው። «ይሄን ሁለተኛ እንዳትስተው» አሉ። ሳጠፋ በእርሳስ ጣቴን ይመቱኛል፤ ሳገኘው ምንም አይሉም። አንድ ቀን ተናድጄ እርሳሱን ሰበርኩት። ሌላ ቀርጸው ሰጡኝ። ያንንም ሰበርኩት። ሌላ ቀርጸው ሰጡኝ። ሦስተኛውን መስበር አፈርኩ።

ከዚያ ጻፍኩ። አንድ ከሰዓት ሙሉ ፈጀብኝ። «በሩ በኩል ያሉትን ከቆሻሻው ጄሪካን ጨመርኩ። ማንበብ አልችልም ነበር። ሽብሩ።» ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር አልጽፍም ብዬ ተከራክሬያለሁ። «ካልጻፍከው፣ አንባቢው ለምን እንዳደረግከው አይገባውም» አሉኝ። ጻፍኩት።

በኋላ እሳቸው ሲያነቡ፣ ነገሩ ሌላ አገር አስቀድሞ የታወቀ ሆኖ ተገኘ። ጥቁሩ እንዳይሟሟ ውሃው ውስጥ ያንኑ ነገር ቀድመው ይጨምራሉ። ታትሞ የወጣ ወረቀት ይዘው መጥተው ነገሩኝ። እኔ ተቃጠልኩ። የኔ የምለው አንድ ነገር በሕይወቴ ቢገኝ፣ እሱም ሰው ቀድሞት! እሳቸው ግን ፊታቸው በርቷል።

«ታዲያ ጥሩ አይደል? አላበድንም ማለት ነው። ያልታወቀው የኛው ነው። እነሱ ንጹሑን ገዝተው ነው የሚጨምሩት። ጊዲር መጋላ ላይ የተለቀመ ድንጋይ፣ በራሱ እጣቢ ሲሞላ፣ ስንት ጊዜ ይቆያል? እሱን ማንም አልጻፈውም።»

አዲስ አሥራ ሁለት ጠርሙስ ሠራን። አሁን ሁሉም በእጣቢው። የራሳቸውን የፀሐይ ሰሌዳ ከቤታቸው አምጥተው ጣሪያው ላይ አሰሩት፤ ቀን ይሞላል፣ ማታ አምፖል ያራግፈዋል። ጡረታቸው ቀርቦ ነበር። «ከዚህ ከመውጣቴ በፊት የእነዚህን ሞት ማየት አለብኝ። ሳይቋረጥ። አንድ ቀን እንኳ ከቆመ ሰው አያምነንም» አሉ። ጠርሙሶቹ ዓመት ሊሞሉ ሲቃረቡ አንዱም አልሞተም ነበር። እሳቸው ናቸው የታመሙት።

ለሕክምና ድሬዳዋ በሄዱበት ሳምንት ዲኑ መጣ።

«ዘበኛ! ከነገ ወዲያ እንግዳ አለ። ይሄ ክፍል ይጽዳ።»

«እትዬ ዘነበች ሳይመጡ አይነካም።»

«ደብዳቤ ተጽፏል። ማንበብ ትችል የለ?» አለና ጠረጴዛው ላይ ጣለው።

አነበብኩት። በሕይወቴ ያነበብኩት የመጀመሪያ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ነው። «በቤተ ሙከራው መስኮት ሥር የተከማቹ ቆሻሻ ጠርሙሶች በአስቸኳይ እንዲወገዱ።» ቆሻሻ የሚለውን ስደርስ አልተንተባተብኩም።

«ሥራ ላይ ናቸው። ከነቀሏቸው ያበቃል» አልኩ።

«ምን ሥራ ላይ ነው ማርማላታ ጠርሙስ? እንግዶቹ አዲስ ኮምፒውተር ሊያዩ ነው የሚመጡት። ነገ ጠዋት መጥቼ ባገኘው አንተም ከጠርሙሱ ጋር ትወጣለህ።»

ለእሳቸው ደወልኩ፤ ስልካቸው ዝግ ነው። ጠርሙሶቹን በለስላሳ ሳጥን ደርድሬ፣ ጆንያ ጎስጉሼ፣ ባጃጅ ጠራሁ። የተከራየሁት ጁገል ውስጥ ነው፤ ባጃጁ ፈረስ መጋላ አደባባይ ድረስ እንጂ ከዚያ ወዲያ አይገባም። ድንጋዩ ላይ ስንንቀጠቀጥ ሁለት ተሰበሩ። ጠባቡ መንገድ ላይ ተሸክሜ ስወርድ አንሸራተተኝና ሦስት ተሰበሩ። ጥቁሩ ሱሪዬ ላይ ፈሰሰ። ሰባት ይዤ ደረስኩ።

አከራዬ አዴ ነፊሳ ናት፤ አዴ እናት እንደማለት ነው። አንቺ የምላት እንደ እናት ስለማያት ነው። የግድግዳዋ መደርደሪያ ላይ ከእናቷ የወረሰቻቸው ሳህኖች ተደርድረዋል፤ ሰው ሲነካቸው ትጮኻለች።

«ያ ረቢ! ይሄ ምንድን ነው? ይፈነዳል?»

«አይፈነዳም አዴ። ውሃ ነው።»

«የማነው?»

«የእትዬ ዘነበች።»

«የባትሪ ጠጋኙ ልጅ?» አለች። ከዚያ ያለ ምንም ቃል ሳህኖቿን አንድ በአንድ እያወረደች አልጋዋ ላይ ደረደረቻቸው። ደቡብ የሚያየው ግድግዳ ላይ ለጠርሙሶቹ ቦታ ሆነ። የፀሐይ ሰሌዳውን ከኮሌጁ ጣሪያ አውርጄ፣ እዚህ ሰቅዬ፣ ሽቦውን እስካያይዝ አራት ቀን አለፈ። አራት ቀን ሙሉ ቆመ።

በአምስተኛው ቀን ስልካቸው ሠራ። ነገርኳቸው። ስድብ ጠበቅኩ፤ ለዲኑ የሚሆን ስድብ አዘጋጅቼ ነበር፤ እሳቸው ሲጀምሩ አብሬ ልሳደብ። ያሉኝ ግን፣ «ስንት ቀን ቆመ?»

«አራት።»

«መዝገቡን ይዘሃል?»

«ይዣለሁ።»

«በል ጻፈው። መቼ ቆመ፣ ማን አስቆመው፣ ስንት ተሰበረ፣ ማን ሰበረው።»

«እትዬ፣ ለምን አይቆጡም?» ብዬ ጮኽኩባቸው፤ አዎ፣ በታመሙ ሰው ላይ ጮኽኩ። «ሌላ ሰው ቢሆን ይከስ ነበር! ይጮኽ ነበር!»

«እሱን አንተ ታውቅበታለህ» አሉ። «እኔ የሚታመን ወረቀት ነው የምፈልገው።»

እስካሁን በዚህ ይቅር አላልኳቸውም። መጮኽ ነበረባቸው። አንዴ ቢጮኹ ምናልባት ሰው ይደነግጥ ነበር። ግን ጻፍኩ፤ «ዲኑ በደብዳቤ አዝዘው ተነቀለ። አራት ቀን ቆመ። አምስት ጠርሙስ ሰበርኩ። ሽብሩ።» ደብዳቤውን እዚያው ገጽ ላይ ለጠፍኩት። እኔም ማስጠንቀቂያ ተጽፎብኝ ከክፍሉ ወደ ውጭው በር ተዛወርኩ።

አንድ ጊዜ እትዬ ዘነበች በከዘራ ጁገል ድረስ መጡ። በየጥጉ እየቆሙ፣ እየተነፈሱ። ገብተው ከአዴ ነፊሳ ጋር በሐረሪኛ ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ ሁለቱም ወደ እኔ እያዩ ሳቁ። ከዚያ አንድ ጠርሙስ አነሡ፣ ወደ በሩ ብርሃን ያዙት፣ አዘነበሉት፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ዝም።

አዴ ነፊሳ፣ «መብራት ሲሄድ ሶላቴን የምሰግደው በዚህ ነው። ዋላሂ፣ አንድ ቀን አላሳፈረኝም» አለቻቸው። እትዬ ዘነበች መሀረባቸውን አውጥተው ጠርሙሱን ጠረጉት፤ ንጹሕ ነበር።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ከመሞታቸው በፊት ባለው እሑድ ነው። «ስንት ቀሩ?» አሉኝ። «አራት» አልኩ። «የሦስቱን ሞት ጻፍክ?» «ጻፍኩ።» ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ቀብራቸው ላይ የሕይወት ታሪካቸውን ያነበበው ዲኑ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ማይክሮፎን ይዞ። «ሳይታክቱ በኮሌጁ ሙሉ ድጋፍ» አለ። ይሄን ሲል ድምፁ አልተንቀጠቀጠም።

በሠልስቱ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። «አቶ ሽብሩ» አለኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዘበኛ ነበርኩ፤ በዚያ ቀን አቶ ሆንኩ። «እርስዎ ጋ አንድ መዝገብ አለ አሉ። ኮሌጁ ሊያሳትመው ነው። ትልቅ ሥራ ነው። እርግጥ አንዳንድ ገጽ መስተካከል አለበት። ያ የአራት ቀኑ ነገር... ያለ እሱ ውጤቱ ያምራል። ሳይቋረጥ ዓመት አለፈ ይባላል።» ጠጋ አለ። «የእርስዎንም ገጽ ሰምቻለሁ፤ እሳቸው ታመው ሳሉ ሊጠይቃቸው የሄደ ሰው ነግሮኛል። ማንበብ አልችልም ነበር የሚለውን። እሱንም እናወጣዋለን። ስምዎ ረዳት ተመራማሪ ተብሎ ይገባል። ሁለቱንም ገጽ ቀደድ ማድረግ ነው።»

እውነቱን ልናገር። ለትንሽ ጊዜ አሰብኩት። ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ግማሹ ያንን ጋዜጣ በብብቴ ሲያይ የኖረ ነው። የተማረ ዘበኛ የሚሉኝ እነሱ ናቸው።

መዝገቡ ጉያዬ ነበር። ተነሣሁ። ሰዎች ጸሎት ላደርስ መስሏቸው ዝም አሉ።

«የሕይወት ታሪካቸው በትክክል አልተነበበም» አልኩ። «የሚነበበው ይሄ ነው።»

መጀመሪያ የራሴን ገጽ ገለጥኩ። «በሩ በኩል ያሉትን ከቆሻሻው ጄሪካን ጨመርኩ። ማንበብ አልችልም ነበር። ሽብሩ።» አንድ ሰው ሳቀ፤ አፉን ያዘ። ፊቴ እንደ እሳት ነደደ። ቀጥዬ ሌላውን ገጽ አነበብኩ። ዲኑን፣ ደብዳቤውን፣ አራቱን ቀን፣ እኔ የሰበርኳቸውን አምስቱን። ደብዳቤውንም ከነፊርማው አነበብኩ። ቀስ ብዬ ነው የማነበው፤ እስካሁን ቀስ ብዬ ነው። በዚያ ቀን ግን ሆን ብዬ ከወትሮዬም ቀስ አልኩ።

አንድ ሽማግሌ «ነፍስ ይማር» አሉ። ዲኑ ጫማውን ሲያይ ቆይቶ ወጣ። መዝገቡን ዳግመኛ አልጠየቀኝም። ከሥራም አላባረረኝም፤ በር ላይ ሳገኘው ሰላም ይለኛል፤ ዘበኛ ብሎ።

አሁን የቀሩት ሦስት ጠርሙሶች ናቸው። አራተኛው እሳቸው በተቀበሩ በሳምንቱ ሞተ። ከሦስት ካነሱ አምፖሉ አይበራም። አዴ ነፊሳ ይሄን ታውቃለች፤ ሳህኖቿን ግን እስካሁን አልጋዋ ሥር ነው ያስቀመጠቻቸው፤ ቦታውን መልስልኝ አላለችም፤ አልልህም ትለኛለች። ዛሬ ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት መሀለኛውን አንሥቼ ወደ በሩ ያዝኩት፣ አዘነበልኩት፣ አንድ ዓይኔን ጨፈንኩ። ታቹ ላይ ትንሽ ቡናማ ዘቅጧል። ምላሴን አንቃጨልኩ።

የእሳቸውን ሞት ሌላ ሰው ጻፈው፤ ዋሽቶ ጻፈው፤ በር ላይ ለጠፈው። የእነዚህን እኔ እጽፈዋለሁ። መቼ፣ በምን፣ ማን እያየ።